ቤት መምታት ምንድን ነው? «ላቭ» ለሚል ቃል ቤት ፍለጋ

ባሕር ዳር ውስጥ ዘፈን የሚጽፉ ወጣቶች አዝማቹ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጣል ማድረግ ይወዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚመርጡት «ላቭ»ን ነው። እዚያ ሲደርሱ ግን ቀጣዩ ስንኝ አልመጣም ይላቸዋል። በቅርቡ አንድ ልጅ ያሳየኝ ግጥም አንዱ ስንኝ በ«ላቭ»፣ ተከታዩ በ«ጊቭ» ያልቃል። በእሱ ጆሮ ቤት መትቷል። አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው ግን አልመታም። ልጁ ጆሮው አልሰነፈም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ቤት የሚመቱበት ሕግ ስለማይገጥም ነው።

በአማርኛ ቤት መምታት ማለት ስንኞች በአንድ ፊደል ማለቃቸው ነው። «መጣ»፣ «ወጣ»፣ «ጠጣ»፣ «ቀጣ» ሁሉም በ«ጣ» ስለሚጨርሱ እርስ በርስ ቤት ይመታሉ። መጨረሻው ሳድስ ሲሆን ደግሞ ጆሯችን ይበልጥ ቸር ነው፤ ተነባቢው አንድ ከሆነ ከፊቱ ያለው አናባቢ ቢለያይም ያልፋል። ይህችን ለምሳሌ ያህል ገጥሜያታለሁ፦

ጀልባው ወደ ዘጌ ሲነሣ በጠዋት፣
ልቤ ቀድሞት ገባ ሳልቆርጥለት ትኬት።

ልኩ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። «ጠዋት» እና «ትኬት» ግን የሚጋሩት «ት»ን ብቻ ነው፤ አንዱ «ዋት»፣ ሌላው «ኬት» ይላል። አዝማሪ ቤት ገብተው «ተቀበል!» ብለው ቢሰጡት አዝማሪው ሳያመነታ ይቀበላል፣ ታዳሚውም ያጨበጭባል። ቤት መትቷልና።

ይህ የጆሮ ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነው። እነ ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባፈራው የጎጃም የቅኔ ትምህርት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ስንኝ ነው፣ ሁለቱም ቤታቸው አንድ ነው። ወደ ዘአምላኪየ ሲያድግ ሦስት ስንኝ ይሆንለታል፣ ቤቱ ግን ያው አንድ። የስንኝ መጨረሻ ፊደልን መጠበቅ በእኛ ዘንድ ከግጥም ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው።

በእንግሊዝኛ መጨረሻውን ተነባቢ ማስተካከል አይበቃም። የሚታየው ከቃሉ ውስጥ ጫን ተብሎ የሚነገረው የመጨረሻው ቀለም ነው። ከዚያ ቀለም አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ ማብቂያ ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ መሆን አለበት፤ ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ ደግሞ መለያየት አለበት። «ናይት» ከ«ላይት» እና ከ«ፋይት» ጋር ቤት የሚመታው በዚህ ሕግ ነው። «ሚዩዚክ» እና «ሲክ» ለእኛ በ«ክ» ያለቁ፣ እንዲያውም «ኢ» የጨመሩ ጥሩ ቤቶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን «ሚዩዚክ» የሚጫነው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ መጨረሻው ሳስቶ ያልፋል፤ ቤቱም ደካማ ይባላል።

እንግዲህ «ላቭ»ን እንያዝ። «ል»ን አውጥተን «አቭ» የሚለውን ብናስቀር፣ ከፊቱ የእንግሊዝኛን ተነባቢዎች አንድ በአንድ እያስገባን መሞከር እንችላለን። የምናገኘው በጣም ጥቂት ነው፦ «ዳቭ»፣ «ግላቭ»፣ «ሻቭ»፣ «አባቭ»። ርግብ፣ ጓንት፣ መግፋት፣ በላይ። በእነዚህ ጥቂት ቃላት ብዙ ግጥም ሲገጠም ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። በእንግሊዝኛ የፍቅር ግጥሞች ውስጥ ርግብና ሰማይ እንዲያ የበዙት ገጣሚዎቹ ሁሉ ወፍ ስለሚወዱ አይመስለኝም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ስለሚገፋቸው ነው። የአሜሪካ አነጋገር «ኦቭ» የሚለውን መስተዋድድ ጫን ሲለው «አቭ» ስለሚያደርገው አንድ ተጨማሪ ቤት ይሰጣል፤ የእንግሊዞቹ አነጋገር ግን ይህን አይፈቅድም። «ሙቭ» እና «ፕሩቭ» በጽሕፈት «ላቭ»ን ይመስላሉ፣ በድምፅ ግን ሌላ ናቸው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ግጥሞች አብረው ሲያስኬዷቸው ይገኛል፤ የያኔው አነጋገር ከዛሬው ይለይ ነበር። ዛሬ የዓይን ቤት ይሏቸዋል።

የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ግሡም ባለቤቱንና ተሳቢውን በቅጥያ መልክ ከኋላው ያስከትላል። «ወደድኳት»፣ «ጠበቅኳት»፣ «ፈለግኳት» ብሎ የጀመረ ሰው ቤት አጣሁ ብሎ አይጨነቅም፤ አሥር ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጎበዝ ገጣሚ ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት የሚሸሸው። ቅጥያው ብቻ ሲመታ ግጥሙ ለዛ ያጣል፤ «መጣ» ከ«ወጣ» ጋር ሲገናኝ ግን ቤቱ የሚመጣው ከግሡ ከራሱ ስለሆነ የበለጠ ይጥማል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ የቅጥያ ሀብት ስለሌለው ቤት ፍለጋው ራሱ ሥራ ነው። ለዚያ ብቻ የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ያላቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት የቤት መፈለጊያዎች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ጽሕፈቱን ሳይሆን አነባበቡን ነው የሚያዩት። በነፃ የሚገኘው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የአነባበብ መዝገብ ከ134,000 በላይ ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱ አናባቢ ጫን የሚባል መሆን አለመሆኑ በቁጥር ተለይቷል። ኮምፒውተሩ ከመጨረሻው ተጫኝ አናባቢ ጀምሮ ያለውን ቆርጦ፣ ያንኑ የሚመስል ከመዝገቡ ይለቅማል። መዝገቡ የአሜሪካን አነጋገር የያዘ ስለሆነ ዝርዝሩ ለሁሉም ዘፋኝ አፍ እኩል አይሠራም።

ዘፈን ግን ከሚነበብ ግጥም ይልቅ ይቅር ባይ ነው። ሲዘፈን የሚጎተተው አናባቢው ነው፤ ተነባቢው መጨረሻ ላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ «ታይም» እና «ማይን» በዜማ ላይ ተስማምተው ይሄዳሉ፤ «ም» እና «ን» ሁለቱም በአፍንጫ የሚወጡ ናቸውና። በዚሁ መንገድ «ላቭ» ከ«ኢናፍ» ጋር ይገጥማል፤ «ቭ» እና «ፍ» ከንፈርና ጥርስ ላይ አንድ ቦታ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። «ሳን» (ፀሐይ) እና «ካም» (ና) የሚሉትም ተነባቢያቸው ቢርቅም አናባቢያቸው ያው ስለሆነ አዝማች ላይ ይሸከሟታል። ርግብና ጓንት ከመጥራት እነዚህን ብመርጥ ይሻለኛል።

«ጊቭ» ላይ ያለው እንከን እዚህ ጋ ይገለጣል። ተነባቢው ልክ ነው፣ አናባቢው ግን ሌላ ነው፤ ዘፋኙ የሚጎትተው ደግሞ ያንኑ የተለየውን ክፍል ነው። ዜማው ልዩነቱን ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ሙሉ ግጥሙ አማርኛ ሆኖ «ላቭ» ብቻ በእንግሊዝኛ ከገባ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። «ቭ» በአማርኛ የውሰት ቃላት ፊደል ነው፤ የራሳችን ቃል በእርሱ ሲያልቅ አይገኝም። ቅርቡ ዘመድ «ብ» ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲገባ፣ ለምሳሌ «አበባ» ስንል፣ ከንፈራችን ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ወደ «ቭ» የተጠጋ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ «ላቭ» ከ«ሐሳብ» እና ከ«ርሃብ» ጋር ሊሄድ ይችላል፤ «ሳብ» እና «ሃብ» የ«አ»ን ድምፅም ይዘዋል። ያ ወጣት ስንኙን በ«ሐሳብ» እንዲጨርስ የነገርኩት ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ «ላቭ»ን ከመጨረሻው አንሥቶ ወደ ሐረጉ መካከል አስገባትና ሁለቱንም ስንኝ በአማርኛ ዘጋ፤ እኔ ካልኩት የእሱ ይበልጣል።