ፎሶሊያ በአዳማ መስኮት

ፎሶሊያና ቦሎቄ የተለያዩ ተክሎች የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። አንድ ዝርያ ናቸው። ለጋ እያለ ከነልጣጩ ስንበላው ፎሶሊያ እንለዋለን። ደርቆ ፍሬው ሲፈለፈል ቦሎቄ ይሆናል። አደንጓሬ የሚለው ስምም ያው የዚህ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሰው ምርጫ ነው። ለፎሶሊያ የሚፈለገው ልጣጩ ሥጋ ያለውና ክር የማይበዛበት ነው። ለቦሎቄ ግን ልጣጩ ምንም ይሁን፣ ፍሬው ይሙላ እንጂ።

ከባቄላ ጋር ግን ዝምድናው የሩቅ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከውጭ ተተርጉመው የሚመጡ የአተካከል መመሪያዎች ፎሶሊያን «ባቄላ» ብለው ያልፉታል። ባቄላ የደጋ ሰብል ነው፣ ብርድ ይወዳል። ፎሶሊያ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። የአንዱን መመሪያ ይዞ ሌላውን የዘራ ሰው ለምን እንዳልበቀለለት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

የፎሶሊያ የትውልድ ቦታ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በሁለቱም ቦታ ሰው ለየብቻው አላምዶታል። ወደ አፍሪካ የገባው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

አዳማ ለዚህ ተክል ባዕድ አይደለችም። በዙሪያዋ ያለው የስምጥ ሸለቆ መሬት የቦሎቄ አገር ነው። ነጭ ቦሎቄ ተሰብስቦ፣ ተበጥሮና ተለቅሞ ወደ ውጭ የሚላክባት ከተማ መሆኗም ይታወቃል። በአሰላ መንገድ ትንሽ ወጣ ሲሉ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ነው የተቋቋመው። የአገሪቱን የቆላ ቦሎቄ ምርምር የሚያስተባብረው እሱ ነው። አዋሽ 1፣ አዋሽ መልካና ናስር የሚባሉት ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። ለውጭ ገበያ የሚመረተው ፎሶሊያም ቢሆን ከቆቃ እስከ መቂና ዝዋይ ባለው መስመር በመስኖ ይለማል። ስለዚህ አዳማ ውስጥ ፎሶሊያ መስኮት ላይ የሚያበቅል ሰው አዲስ ነገር አላመጣም። እርሻውን ወደ ሳሎን አስገባው እንጂ።

ለምን ቤት ውስጥ?

ብርድ ባለበት አገር ሰው ዘሩን ቤት ውስጥ የሚያበቅለው ከውርጭ ለመሸሽ ነው። የአዳማ ችግር ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ብትሆንም ሞቃት ናት። ነፋሷ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው አዳማ 1 የማመንጨት አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነው፣ በ2015 የተጨመረው አዳማ 2 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት። ያንን ሁሉ ብረት የሚያዞር ነፋስ ለጋ የፎሶሊያ ግንድ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ጠዋት ያጠጡት አፈር ከሰዓት ድርቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ ላይ ፍየሉ አለ፣ ዶሮው አለ። ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከበረንዳና ከመስኮት ሌላ መሬት የለውም።

ፎሶሊያን ለቤት የሚያመቸው አንድ ባሕርይ አለ። አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይፈነዳ ነው ጉዳዩን የሚጨርሰው። ንብ አይጠብቅም። ዱባ ቤት ውስጥ ዘርቶ አበባ ብቻ ሲያይ የከረመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዘርና ዕቃ

ዘሩ ሁለት ዓይነት ነው። አጭሩ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አድጎ ይቆማል፤ ድጋፍም ብዙ አይፈልግም። ሐረግ የሚጥለው ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ለሚጀምር ሰው አጭሩን እመክራለሁ። ግን መስኮትዎ የብረት ፍርግርግ ካለው ሐረጉም ያምራል። መጋረጃ ይሆናል።

ከዘር መሸጫ የሚገዛው አንዳንዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሮዝ ወይም ሰማያዊ። መድኃኒት ነው፣ ልጆች እንዳይነኩት። ከጉልት የተገዛ ቦሎቄም ይበቅላል። እሸቱን ቀጭን ሳለ ከቀጠፉት ይበላል፤ አንድ ሳምንት ካለፈው ግን ክሩ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ያረጀ ዘር ደግሞ አለ። አንዴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አንድ ፓኬት ሙሉ ከሦስት ፍሬ በቀር አልበቀለም። ከዚያ ወዲህ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አምስት ቀን ሳልጠብቅ አፈር አልነካም። ከአሥሩ ሰባት ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው።

ዕቃው ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። የቀለም ባልዲ፣ አንገቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ማዳበሪያ። (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ ቃሉ ለሁለቱም መሆኑ አንዳንዴ ያስቃል።) ጥልቀቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ። ሃይላንድ ግማሹ ተቆርጦ ለማብቀል ይሆናል፣ ለማሳደግ ግን ይጠባል። ፎሶሊያ ደግሞ ሥሩ ሲነካ ይከፋዋል፤ ከዕቃ ወደ ዕቃ ከማዛወር መጀመሪያውኑ በሚያድግበት ዕቃ መዝራት ይሻላል። ታችውን በጋለ ምስማር አራት አምስት ቦታ ይብሱት።

አፈሩ ላይ አዳማ ዕድለኛ ናት። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ በአካባቢው እንደ ልብ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ትንሽም ይይዛል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ የደቀቀ ፑሚስ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዩሪያ መጨመር ደግሞ አያስፈልግም። ፎሶሊያ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጂን ከአየር ይወስዳል። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ እሸት የለም።

ከአፈር እስከ ቅጠል

ዘሩ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳይጠልቅ፣ ዓይኑ ወደ ታች ሆኖ ይቀበራል። በአንድ ባልዲ ሦስት ተክል ይበቃል። ከመዝራቱ በፊት አፈሩ አንዴ በደንብ ይጠጣ። ከዚያ እስኪበቅል ድረስ እጅን መሰብሰብ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅሁት። የመጀመሪያ ዘሬን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳደርሁት። ጠዋት ሳየው ቆዳው ተሰንጥቆ ነበር። ያንኑ ዘርቼ በየቀኑ አጠጣሁ። በሰባተኛው ቀን ቆፍሬ ሳየው ሸቶ፣ በእጄ ሲነካ ይሟሟ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ እናት በበረንዳቸው ሆነው አይተውኝ፣ «የኔ ልጅ፣ ንፍሮ ልትቀቅል ነው ወይስ ልትዘራ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ፍሬው አፈር ውስጥ ሲሆን አየርም ይፈልጋል። መዘፍዘፍ ካስፈለገም ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል።

አዳማ ውስጥ የአፈሩ ሙቀት አያሳስብም። ፎሶሊያ ለመብቀል የሚመቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ቤታችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መሃል ነው። ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አፈሩ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የሚታየው ቅጠል አይደለም። እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈ ነጭ አንገት ነው። አፈሩን በጀርባው ይገፋል። ቀጥሎ ቀና ይልና ሁለቱን ክኮች ጎትቶ ያወጣል። አንዳንዱ የዘሩን ቆዳ እንደ ቆብ ደፍቶ ይወጣል። ይህን ቆብ በጉልበት ማውለቅ ፈተና ነው፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ አብሮ ይቆረጣል። ትንሽ ውሃ ነካ አድርጎ መተው ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች የልብ ቅርጽ ያላቸውና ነጠላ ናቸው። ከነሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ሦስት ሦስት ሆነው ነው። በዚህ መሃል ክኮቹ ይጨማደዳሉ፣ ይቢጫሉ፣ ይወድቃሉ። በሽታ አይደለም። ስንቃቸው አለቀ። ማታ ማታ ደግሞ ቅጠሉ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ሲያዩት እንዳይደነግጡ። ተኝቷል። ጠዋት ይነሳል።

ብርሃን

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሌላውን አሳክቶ እዚህ ላይ የሚወድቅ ይበዛል። ፎሶሊያ በቀን ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ለእኛ ደማቅ የሚመስል ክፍል ለተክል ጨለማ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ወደ መስኮቱ ይጎብጣል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ዕቃውን በየሁለት ቀኑ ማዞር መጉበጡን ያስተካክላል፣ ብርሃኑን ግን አይጨምርም።

አዳማ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወቅቱ የሚለውጠው የብርሃኑን ርዝመት ሳይሆን አቅጣጫውን ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ትዞራለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የጠገበ የደቡብ መስኮት በሰኔ ባዶውን ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለው የምሥራቅ መስኮት ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ናት። የምዕራቡም ይሠራል፤ ግን የመጋቢትና የግንቦት የከሰዓት ፀሐይ በመስታወት ስትገባ ታቃጥላለች። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው መርገፍ ይጀምራል። የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ያለው ቤት፣ ኮርኒስ ከሌለው፣ በበጋ ቀትር ላይ ይህንን በቀላሉ ያልፋል። ያኔ ዕቃውን ወደ በረንዳው ጥላ ማውጣት ነው።

ኤልኢዲ አምፖል ከተክሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ቢበራ ያግዛል። መብራት እስካልጠፋ ድረስ።

ውሃ፣ ሐረግና ተባይ

ጣትዎን አፈር ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተቱ። ከደረቀ ያጠጡ፣ ካልደረቀ ይተዉት። አበባ ሲያወጣ ግን እንዳይጠማ፣ ያኔ የተጠማ ፎሶሊያ አበባውን ይጥላል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ አንዳንዱ ጨው ይበዛዋል። ፎሶሊያ ደግሞ ከሰብሎች ሁሉ ጨው ከማይችሉት አንዱ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጥሩ። ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደውን ማጠራቀም ጥሩ ነው።

ሐረጉን በገመድ የሚያስሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሁልጊዜ የሚጠመጠመው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው። በግድ ወደ ሌላው ዙሪያ ቢጠመጥሙት ራሱን ፈትቶ ይመለሳል። ሞክሬዋለሁ። በማግሥቱ ተፈትቶ አገኘሁት።

ቤት ውስጥ ተባይ የለም ማለት አይደለም። ክሽክሽ በቅጠሉ ሥር ይሰፍራል፣ ነጭ ዝንብም እንዲሁ። ደረቅና ሞቃት ክፍል ውስጥ በዓይን የማይለዩ፣ ሸረሪት መሰል ተባዮች ቅጠሉን ነጠብጣብ ያደርጉታል። ቅጠሉን ገልብጦ በቀጭን የሳሙና ውሃ ማጠብ ከጀመሩ ሳይዘገይ ይሠራል። መስኮቱን ከፈት ማድረግም ግማሽ መድኃኒት ነው።

ለቀማና ድስት

አጭሩ ዓይነት ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ጥር አጋማሽ ላይ የዘራ ሰው ዓቢይ ጾም ላይ ይደርስለታል፤ እኔ የምመርጠው ጊዜም ይህ ነው። እሸቱ እርሳስ ሲያክልና ሲሰበር ቀጭ ሲል ይቀጠፋል። ፍሬው በልጣጩ ላይ ከጎላ አልፎታል። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ መልቀም ያስፈልጋል፤ እሸት የተተወበት ተክል ሥራው ያለቀ ስለሚመስለው አበባ ማውጣቱን ያቆማል። በመቀስ ይቁረጡ፣ በእጅ ሲጎተት ቅርንጫፉ ይገነጠላል።

ብዙ አይጠብቁ። አንድ አጭር ተክል ዕድሜ ልኩን ብዙ ቢሰጥ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፤ መስኮት ላይ ከዚያም ያንሳል። ሁለት ባልዲ ተዘርቶ የሚወጣው ለሁለት ሦስት ጊዜ ፎሶሊያ በካሮት የሚበቃ ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮቱ ይቅደም፣ ፎሶሊያው ይከተል፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያ። ለበያይነቱ ትሪ ዳር ዳሩን ያስውበዋል። በጥሬው ግን አይበላም። በተለይ የደረቀው ፍሬ፣ ከሁሉም ቀዩ፣ በጥሬው ወይም በግማሽ ብስል ሆድ የሚያስቸግር ንጥረ ነገር አለው። ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተቀይሮ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት፤ ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀቀላል።

ጥሩ ያፈራው ተክል ላይ ለዘር ሦስት አራት እሸት ይተዉ። ራሱን የሚያዳቅል ስለሆነ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ እናቱን ይመስላል። ልጣጩ ቢጫ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ሲነቀነቅ መንኳኳት ሲጀምር ይለቀማል። ፍሬው በጥላ አንድ ሳምንት ይቆይና በደረቀ ሃይላንድ ይከተት። ክዳኑ ይጥበቅ። ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት፤ ነቀዝ ይዞት እንዳይሆን ደግሞ በየወሩ ወደ ብርሃን አውጥተው ቀዳዳ ያለው ፍሬ መኖሩን ይዩ።