የሙኒ ቪስኮሲቲ ምንድን ነው?

እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን በጭልፋ ነካ አድርጋ «ወፍሯል፣ ውሃ ጨምሩበት» ትላለች። የጎማ ፋብሪካም ጥያቄው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ፣ የጎማ ሊጥ በጭልፋ አይሞከርም።

ጎማ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ጎሚስታ ቤት የምናየው የጠነከረው ነው። ከድኝ ጋር በሙቀት ከመብሰሉ በፊት ግን ጎማ ከዘይትና ካርቦን ብላክ ከሚባል ጥቁር ዱቄት ጋር የተቦካ ከባድ ሊጥ ነው። ይህ ሊጥ «አልፈስም» የሚልበትን ጉልበት በቁጥር የሚነግረን የሙኒ ቪስኮሲቲ ይባላል። ስሙ የአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ የሜልቪን ሙኒ ነው። መሣሪያውን ያስተዋወቀው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥርስ ጥርስ ያለው የብረት ዲስክ ከላይና ከታች በጎማ ይሸፈንና ትኩስ ሻጋታ ውስጥ ይዘጋበታል። ከዚያ ዲስኩ በደቂቃ 2 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ጎማው ይዞ ያስቸግረዋል። ዲስኩን ለማዞር የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል 8.3 ኒውተን ሜትር ከሆነ ንባቡ 100 ሙኒ ነው።

ወረቀት ላይ «60 ኤምኤል 1+4፣ 100 ዲግሪ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ኤም ሙኒ፣ ኤል ትልቁ ዲስክ (38.1 ሚሊ ሜትር) ነው። 1 ደቂቃ ማሞቂያ፣ 4 ደቂቃ ማዞሪያ። ጎማው ሲዞር እየላላ ስለሚሄድ ንባቡ የሚወሰደው በመጨረሻ ነው። በጣም ለሚጠነክር ድብልቅ ትንሽ ዲስክ አለ። የትንሹን ንባብ ከትልቁ ጋር ማወዳደር ግን ጤፍን በጣሳና በኩባያ ሰፍሮ እኩል ነው እንደማለት ነው።

ይኸው መሣሪያ ሌላም ሥራ አለው። ሙቀቱ ከፍ ይደረግና ንባቡ ከዝቅተኛው ነጥብ በ5 ሙኒ እስኪጨምር ይጠበቃል። ያ ጊዜ ድብልቁ መብሰል የሚጀምርበትን ይነግረናል። ጊዜው አጭር ከሆነ ጎማው ገና ቅርጽ ሳይዝ ማሽን ውስጥ ሊበስል ይችላል። አንዴ ከበሰለ ደግሞ መልሶ ማቅለጥ የለም።

እኔ ግን በዚህ ቁጥር ብቻ ድብልቅ አልመርጥም። በደቂቃ 2 ዙር የኤሊ እርምጃ ነው። ጎማ ፈጠን ብሎ ሲገፋ ይቀጥናል፤ የሚቀጥንበት መጠን ደግሞ ከድብልቅ ድብልቅ ይለያያል። ሁለቱም 60 የተነበበላቸው ድብልቆች ሻጋታ ውስጥ በኃይል ሲገፉ አንዱ ሰተት ብሎ ሊገባ፣ ሌላው ሊያስቸግር ይችላል። ይህን ለማየት ጎማውን በጠባብ ቀዳዳ የሚገፋ ካፒላሪ ሪዮሜትር ያስፈልጋል።