የኑሮ ውድነት ከአገር አገር እንዴት ይነጻጸራል?

ውጭ አገር ሥራ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደሞዙ በዶላር ስንት ነው?» የሚል ነው። ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ያ ገንዘብ እዚያ ምን ይገዛል?

ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሸቀጦች ቅርጫት ነው። ተመሳሳይ ዕቃና አገልግሎት ይመረጥና በሁለቱም አገር ዋጋው ይመዘገባል። ቅርጫቱ አንዱ ዘንድ 100 ዶላር፣ ሌላው ዘንድ 1,500 የአገሬው ገንዘብ አወጣ እንበል። አንዱ ዶላር በ30 የሚመነዘር ከሆነ 1,500ው 50 ዶላር ብቻ ነው። ሁለተኛው አገር በግማሽ ይረክሳል ማለት ነው። ዋጋውን እኩል የሚያደርገው ምንዛሪ 15 ነው፤ ይህ የመግዛት አቅም ምጣኔ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጣለት ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ጉስታቭ ካሴል ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ሞባይል ድንበር ይሻገራል፤ ቀረጥና ማጓጓዣው ካልጨመረበት ዋጋው የትም ይቀራረባል። ፀጉር ለመቆረጥ ግን ማንም አውሮፕላን አይሳፈርም። መቀሱ ያው መቀስ፣ ጊዜውም ያው ጊዜ ነው። ዋጋው ግን የቆራጩን አገር ደሞዝ ይከተላል። ኢኮኖሚስቶቹ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በየፊናቸው ያብራሩት ይህንኑ ነው።

ከባዱ ሥራ ዋጋ መሰብሰቡ ነው። «ሸሚዝ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ጥጡ ስንት በመቶ ነው፣ እጅጌው ረጅም ነው ወይስ አጭር፣ ብራንድ አለው ወይ? እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረውና አሁን የዓለም ባንክ የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ የንጽጽር ፕሮግራም በዚህ ይለፋል። የእ.ኤ.አ. 2021 ዙሩ 176 አገራትንና ግዛቶችን አካቷል። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአንድ በርገር፣ በቢግ ማክ ያወዳድራል። ቀላልና ግልጽ ነው፤ ለቤተሰብ በጀት ግን አልመክረውም።

ቅርጫቱ የማን ነው የሚለውም ወሳኝ ነው። ሰው በአገሩ ርካሽ የሆነውን አብዝቶ ይገዛል። ስለዚህ የአንዱ አገር ቅርጫት ሌላው አገር ሲሄድ ይወደዳል። ባለሙያዎች በሁለቱም ቅርጫት አስልተው አማካዩን ይወስዳሉ።

ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ነምቢዮ (Numbeo) የተባለውን ድረ ገጽ ነው። ኒው ዮርክን 100 አድርጎ ከተሞችን ይደረድራል። ዋጋውን በብዛት የሚያስገቡት ተጠቃሚዎች ናቸው። ዋናው የኑሮ ውድነት መለኪያው የቤት ኪራይን አይጨምርም፤ ኪራይ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ብዙዎች ይህን ሳያዩ ያልፋሉ፤ ኪራይ ግን የደሞዝን ግማሽ ሊውጥ ይችላል።