የጥንት የመሬት መንቀጥቀጥ ምልክቶች በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ደጋው ድንገት የሚያልቀው ለዚህ ነው። ጠርዙን የፈጠረው የመሬት መሰንጠቅም ገና አላበቃም።

በአገራችን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ መመዝገብ የጀመረው ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የማጀቴንና የካራቆሬን አደጋ ለመመዝገብ ደርሷል። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬም ግማሽ ያህሉ ቤት ወደቀ። የደሴው አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። መጠኑ በሪክተር ከ6 በላይ ነበር። ከዚያ በፊት ላለው ግን ምስክሩ ጽሑፍና መሬቱ ራሱ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ አንኮበር በመንቀጥቀጥና በናዳ መጎዳቷን ያወቅነው በወቅቱ እዚያ የነበሩ የውጭ ሰዎች ስለጻፉት ነው።

ጽሑፍ ከሌለ ፍርስራሽ ይመረመራል። አንድ ግድግዳ ብቻውን ቢወድቅ ምንም አይነግርም፤ አርጅቶ ወይም መሠረቱ ታጥቦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ግድግዳ ወደ አንድ አቅጣጫ ከወደቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግድግዳው ስንጥቅም ይመረመራል። መሠረቱ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ እየዞረ ይሄዳል። ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ግን ድንጋዩን ራሱን ሰንጥቆ ሊያልፍ ይችላል። የቅስት ቁልፍ ድንጋይ፣ ማለትም አናቱ ላይ መካከል ያለው፣ ወደ ታች ሸርተት ብሎ ተይዞ ከቀረም ጥሩ ፍንጭ ነው።

በባሕር ዳርቻ ደግሞ የድሮው የውኃ ልክ ይፈለጋል። በ365 እ.ኤ.አ. የቀርጤስ ደሴት ምዕራባዊ ጠርዝ በመንቀጥቀጥ እስከ 9 ሜትር ድረስ ከፍ ስላለ ፋላሳርና የሚባለው የጥንት ወደብ ዛሬ የብስ ላይ ነው። ሸዋ ባሕር የለውም። እዚህ የሚሠራው መሬቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ቦይ ቆፍሮ የተቆረጡትን የአፈር ንብርብሮች ማየት ነው። ከንብርብሩ የተገኘ ከሰል በራዲዮካርቦን (በጊዜ ብዛት እየቀነሰ በሚሄድ የካርቦን ዓይነት) ዕድሜው ይለካል፤ መንቀጥቀጡ ከየትኛው ንብርብር በፊት ወይም በኋላ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ማሳሳቻ ናዳ ይመስለኛል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ የተንሸራተተው መሬት ከክረምቱ ዝናብ ጋር የተያያዘ ነበር። የዛሬ ሺህ ዓመት የሚመጣ አጥኚ ያን ጠባሳ ብቻ አይቶ መንቀጥቀጥ ነው ቢል ተሸወደ ማለት ነው። የይፋት ጥንታዊ የድንጋይ ከተሞች፣ ለምሳሌ ኖራ በሚባለው ቦታ ያለው የመስጊድ ፍርስራሽ፣ ለዚህ ዓይነት ምርመራ የሚመቹት ግድግዳቸው ገና ስለቆመ ነው። እዚያ ከወደቀው ይልቅ የተጠገነውን ማየትም ይጠቅማል፤ በኋላ የተጨመረ ድጋፍ ግንብ ሰዎቹ ከጉዳቱ ተርፈው እንደገና መኖራቸውን ያሳያል።