ነርሶችን የሚያዝለው የሥራቸው ሁኔታ ነው

«ነርስነት ጥሪ ነው፤ ሙያዋን የምትወድ ነርስ አይታክታትም።»

ስለ ነርሶች ዝለት ከሚነገሩ አባባሎች ሁሉ የሚያስቆጣኝ ይህኛው ነው፤ ጥፋቱን በደከመችው ሴት ላይ ይጥላልና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ የሰነበተ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው። ምልክቶቹም ጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ እና «የምሠራው ፋይዳ የለውም» የሚል ስሜት ናቸው።

እስቲ ዋርድ ውስጥ እንመልከት። ጓንት ወይም ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ሲያልቅ «ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» ብላ ለአስታማሚው የምትናገረው ነርሷ ናት፤ ቁጣውንም የምትቀበለው እሷው ናት። ግዢውን ያዘገየው ሰው አልጋው አጠገብ አይገኝም። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያለበትን ሕመምተኛ ጊዜ አጥታ ስታልፈው፣ የሚያንገበግባት ሙያዋን ስለምታከብር ነው።

«የሕመምተኛ ብዛት ይለመዳል።»

አይለመድም። የነርስ ሙያ ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከን እና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር የዝለት ዕድል በ23 በመቶ፣ በሥራ ያለመርካት ዕድል በ15 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸውም በ7 በመቶ ጨምሮ ታየ። ስለዚህ ጉዳዩ የነርሷ ብቻ አይደለም፤ አልጋው ላይ የተኛው ወገናችንም አለበት። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በነርስ የሚመደበውን የሕመምተኛ ቁጥር በሕግ ገድባለች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት አይበልጥም።

«ደመወዝ ከተጨመረ ሁሉም ይስተካከላል።»

ደመወዙ መጨመር አለበት፤ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ረክቶ አይሠራም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ነርስ በጠፋበት ወቅት፣ ነርሶቻቸው ያልለቀቁባቸው 41 ሆስፒታሎች ተመርጠው ሲጠኑ ሌላም ነገር ታየ፦ የሚያዳምጥ አለቃ፣ በቂ የሰው ኃይል፣ ከሐኪሞች ጋር መከባበር፣ በሙያዋ የመወሰን ነጻነት።

«ዕረፍት ትውሰድ፤ ይለቃታል።»

ዕረፍት አካልን ያሳርፋል። ስትመለስ የጎደለው ሰው ካልተተካ ግን ዝለቱም ተመልሶ ይመጣል። የነርሶች ኃላፊዎች (ማትሮኖች) በእጃቸው ካለው ይጀምሩ፦ የፈረቃ ፕሮግራሙን ቀደም ብለው ያሳውቁ፣ ሌሊት ተረኛ ያደረችን ነርስ ጠዋት ለስብሰባ አይጥሩ፣ ስድብ ወይም ዛቻ ሲደርስባትም ከጎኗ ይቁሙ።