ስዊንግን «የሽማግሌ ትዝታ» ለሚሉ

ሳክስፎን ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ለተማሪዎቼ የቢግ ባንድ ሙዚቃ ባሰማሁ ቁጥር ከወላጆች፣ ከባልደረቦቼና አንዳንዴም ከራሳቸው ከተማሪዎቹ የምሰማው አስተያየት ተለውጦ ስለማያውቅ፣ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ መገላገልን መረጥኩ። ለማያውቀው አንባቢ ያህል፣ ቢግ ባንድ የሚባለው ከ12 እስከ 17 የሚደርሱ ሙዚቀኞች ያሉት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን በየክፍላቸው ተደራጅተው፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ምቱን የሚሸከሙበት ባንድ ነው፤ ስዊንግ ደግሞ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካን ያስጨፈረው የዚህ ባንድ ሙዚቃ ነው።

«ስዊንግን የፈጠሩት ነጮቹ የባንድ መሪዎች ቤኒ ጉድማንና ግሌን ሚለር ናቸው» ይባላል። አይደሉም። ጉድማን ኦገስት 21 ቀን 1935 በሎስ አንጀለሱ የፓሎማር አዳራሽ ወጣቱን ያሳበደው በጥቁሩ አቀናባሪ በፍሌቸር ሄንደርሰን ቅንብሮች ነው፤ ሳክስፎኑንና ነሐሱን (ትራምፔትና ትሮምቦኑን) እንደ ጥያቄና መልስ ማመላለሱንም ሄንደርሰንና ዶን ሬድማን በኒው ዮርክ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብለው ሲያበስሉት ነበር።

«ሁሉም በኖታ ተጽፎ ስለሚያልቅ ሙዚቀኛው የሚፈጥረው የለም» የሚሉም አሉ። የፒያኖ ተጫዋቹ የካውንት ቤዚ ባንድ ከካንሳስ ሲቲ ሲነሣ ይጫወታቸው ከነበሩት ሥራዎች ብዙዎቹ ወረቀት ላይ አልሰፈሩም ነበር፤ አንዱ አጭር ሐረግ ያወጣል፣ ክፍሉ ይቀበለዋል፣ ሌላው ክፍል በላዩ የራሱን ይደርባል፣ ሶሎ ተጫዋቹም ከዚያ በላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። አውጪና ተቀባይ ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህ ሲከብደው ማየት ይገርመኛል።

«ጩኸት ነው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ የቤዚ ባንድ በ1957 የቀረጸውን፣ ዝግና ለስለስ ያለውን የኒል ሄፍቲን «ሊል ዳርሊን» ያድምጥና ይመለስ።

«ሮክ ኤንድ ሮል ገደለው» የሚለውን የዘመን አቆጣጠር ብቻውን ያፈርሰዋል። ጉድማን፣ ቶሚ ዶርሲ፣ ሃሪ ጄምስና ዉዲ ኸርማን ባንዶቻቸውን በ1946 መጨረሻ ሲበትኑ ኤልቪስ ፕሪስሊ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሙዚቀኞች ለውትድርና ተወሰዱ፤ በነዳጅና በጎማ ራሽን ምክንያት ባንዱን በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ማዞር አስቸጋሪ ሆነ፤ የሙዚቀኞች ማኅበር በ1942 ቅጂ እንዲቆም ሲያዝ የማኅበሩ አባል ያልነበሩት ዘፋኞች ሸክላ ማስቀረጹን ቀጥለው ዝናውን ወሰዱ፤ በ1944 ደግሞ ዳንስና ዘፈን ባለበት ቤት ሒሳብ ላይ 30 በመቶ ግብር ተጣለ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ 20 ዝቅ ቢልም ጉዳቱ አልቀረም። አሥራ ስድስት ሰው እየከፈሉ ይህን ሁሉ መቋቋም አይቻልም።

«ለእኛ ባዕድ ነው» የሚለውም ቢሆን የክቡር ዘበኛንና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎችን፣ ለትልልቅ ባንዶች ያቀናብር የነበረውን ነርሲስ ናልባንዲያንን፣ በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ የመጣውን ዱክ ኤሊንግተንን መዘንጋት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልመጣ። «ዛሬም ሰው የሚወደው የሽማግሌ ትዝታ ስለሆነ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል» ይሉኛል። ትዝታ በእኛ ዘንድ የቅኝት ስም እስከ መሆን የደረሰ ትልቅ ቃል ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ ባይመዘዝ እመርጣለሁ፤ ያልኖሩበትን ዘመን ደግሞ ማንም አያስታውስም። በ1930ዎቹ በሃርለሙ ሳቮይ አዳራሽ ሊንዲ ሆፕ የሚባለውን ዳንስ ካሳደጉት አንዱ የነበረው ፍራንኪ ማኒንግ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቷል። በ1980ዎቹ ፈልገው ያገኙትና አስተምረን ያሉት ያ ዘመን ሲያበቃ ገና ያልተወለዱ ካሊፎርኒያውያንና ስዊድናውያን ወጣቶች ናቸው፤ እሱም በ2009 በ94 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ዓለምን እየዞረ ሲያስተምር ኖረ። በስዊድን ሄራንግ በተባለች ትንሽ መንደር በ1982 የተጀመረው የዳንስ ካምፕም ከብዙ አገር ወጣት ሲስብ ኖሯል። እነዚህ ምን ሊያስታውሱ ነው?

የሚስበው አሠራሩ ነው፤ አሠራሩ ደግሞ አያረጅም። ፍሬዲ ግሪን ከቤዚ ባንድ ጋር በ1937 ተቀላቅሎ በ1987 እስኪሞት ድረስ፣ ማጉያ በሌለው ጊታር፣ ሶሎ ሳያምረው፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ አንድ ጊዜ እየመታ ኖረ። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጠ ሰው ጊታሩን ለይቶ ላይሰማው ይችላል፤ ባንዱ ሁሉ ግን የሚተነፍሰው በእሱ ልክ ነው።

ይህንን በቃል ሳስረዳ ስንት ጊዜ ደክሜያለሁ። አንድ የክረምት ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሥራ ሦስት ተማሪዎች አንድም ኖታ ሳይስቱ ነገር ግን እንደ ሰልፈኛ እየረገጡ በሚጫወቱበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ ቤዙም እንደዚያው፤ የቀረው ድራሙና የጊታሩ ደረቅ ድምፅ ነበር። ጊታሩን ለመስማት ሲሉ ድራመሩ ዱላውን ትቶ ለስለስ ወዳለው የሽቦ ብሩሽ ዞረ፣ ትራምፔቶቹ ድምፃቸውን ቀነሱ፣ ሳክስፎኖቹም ሐረጉን ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ አሳድረው ማንሣት ጀመሩ፤ ረጅምና አጭር ኖታን እንዴት እንደሚያመዛዝኑ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ለምን ልዩነቱ እየጠበበ እንደሚሄድ ወር ሙሉ የነገርኳቸውን ያን ዕለት በጆሯቸው አገኙት። በሩ ላይ ቆማ ልጇን ትጠብቅ የነበረች እናት እግሯ ሳታውቀው ምት ይይዝ ነበር፤ እሷም ቀደም ሲል «ይህ የአያቶች ሙዚቃ ነው» ካሉኝ አንዷ ናት።

ስለዚህ መስማት የሚፈልግ ሰው በስልክ ድምፅ ማጉያ ባይሞክረው ይሻላል፤ ቤዙም ጊታሩም እዚያ ላይ ስለሚጠፉ የሚቀረው ነሐሱ ብቻ ነው፣ «ጩኸት» የሚለው ሐሜትም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ደህና ማዳመጫ ያድርግ፤ መጀመሪያ ዜማውን ትቶ ቤዙን፣ ቀጥሎ ጊታሩን ይከተል፤ ነሐሱን መጨረሻ ላይ ይስማ።

ያን ዕለት መብራት ሲመለስ ጊታሪስቱ ገመዱን ሊሰካ ተነሣ። «መምህር፣ የኔ እኮ አይሰማም» አለኝ። ከለከልኩት፤ እስከ ዛሬ አልሰካውም።