የስፌት መኪና «ታይሚንግ» ምንድን ነው?

«መኪናዋ ሞታለች» ተብሎ ከተፈረደባቸው የስፌት መኪናዎች መካከል ብዙዎቹ አልሞቱም። መርፌያቸውና ከሥር ሆኖ ክሩን የሚይዘው መንጠቋቸው ተላልፈው ነው። ባለሙያዎች ይህን «ታይሚንጓ ተዛብቷል» ይሉታል፤ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ስለ መኪና ሞተር ሲነገር የምንሰማው ያው ቃል ነው፤ ነገሩም አንድ ነው። ሁለት የሚንቀሳቀሱ አካላት በተቀጣጠሩበት ቅጽበት ካልተገናኙ ሥራ የለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ደህናዋን መኪና ለቁራሌው በርካሽ ይሰጣል፤ አለዚያም የማትድነውን ሲያስጠግን ይከርማል።

ቀጠሮው እንዲህ ነው። መኪና በሁለት ክር ትሰፋለች። አንዱ ከላይ በመርፌው ዓይን ይወርዳል፤ ሌላው ከታች፣ ቦቢን በምትባለው ትንሽ ማጠንጠኛ ላይ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። መርፌው እስከ መጨረሻው ወርዶ ሽቅብ መመለስ ሲጀምር ጨርቁ ክሩን ጨብጦ ስለሚይዘው ክሩ አብሮ አይወጣም፤ በመርፌው አንድ ጎን ትንሽ ጆሮ ሠርቶ ያብጣል። መርፌው ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ሲል የመንጠቆው ሹል ጫፍ ይደርሳል፤ በመርፌውና በክሩ ጆሮ መካከል ገብቶ ጆሮውን ይነጥቃል፤ በቦቢኗ ዙሪያም አዙሮ ያሳልፈዋል። የላዩ ክር የታችኛውን አቅፎ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ነጠላ ስፌት ነው።

የመንጠቆው ጫፍ በዚያች ቅጽበት ከመርፌው ዓይን 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ከመርፌው ጋር ያለው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም። መርፌውን አውጥታችሁ በጣታችሁ ብትዳስሱት ከዓይኑ በላይ በአንድ ጎኑ የተሰረጎደች ቦታ ታገኛላችሁ፤ ለመንጠቆው ማለፊያ የተተወች መንገድ ናት። መንጠቆው ቢቀድም ጆሮው ገና አልተሠራም፤ ቢዘገይ ደግሞ ክሩ ወደ ላይ ሄዷል። ውጤቱ ስፌት መዝለል፣ ክር መበጠስ፣ ሲብስም መርፌ መስበር ነው።

የእናቴን ጥቁር ሲንጀር ያገኛት ይኸው ነበር። የጂንስ ሱሪ ልታሳጥር ስትል መርፌው ወፍራሙ መገጣጠሚያ ላይ ተሰበረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ በየሦስት ስፌቱ ትዘል ጀመር። የጠራነው ሰው ከላይ ከላይ አይቶ «የድሮ ናት፣ ሽጡና አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። ሲንጀሯ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥልፍ ጨርቅ ለብሳ የአበባ ማስቀመጫ ሆነች።

ታይሚንግን ከመውቀስ በፊት መጠርጠር ያለበት መርፌው ነው። የጎበጠ መርፌ፣ እስከ መጨረሻው ያልገባ መርፌ፣ ዞሮ የተሰካ መርፌ፣ ሁሉም የታይሚንግ ችግር መስለው ይታያሉ። የቤት መኪና መርፌ ራሱ፣ ማለትም መኪናዋ ውስጥ የሚሰካው ወፍራም ጫፉ፣ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋው ጎን መንጠቆው ወዳለበት ይዞራል። የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ ድፍን ክብ ነው። እሱን በቤት መኪና ላይ የሰካ ሰው ቁመቱም አቀማመጡም ስለማይገጥም ቀኑን ሙሉ ሲበሳጭ ይውላል። ስለዚህ አዲስና ትክክለኛ መርፌ ሰክታችሁ፣ ክሩን ከላይም ከታችም እንደገና አስገብታችሁ ሞክሩ። ከዚያ በኋላም ከዘለለች ባለሙያ ይጠራ።

ባለሙያው የሚያደርገው ሲታይ ቀላል ነው። እንደ መኪናዋ ዓይነት መርፌውን የያዘውን ዘንግ ብሎን አላልቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፤ ወይም መንጠቆውን ፈትቶ ጥቂት ያዞረዋል። የሚገዛ ዕቃ የለም፤ የሚከፈለው ለዓይኑና ለእጁ ነው። ለዚህ ብላችሁ አዲስ መኪና ብትገዙ እኔ በበኩሌ አዝናለሁ።

ጥያቄው የሚከብደው ታይሚንጉ ተስተካክሎ በወሩ ተመልሶ ሲዛባ ነው። ያኔ የላላ ወይም የተበላ ነገር አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የቤት መኪናዎች ውስጥ ጥርሳም ጎማዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ። የተሰነጠቀ ጥርስ በብሎን አይስተካከልም፤ መለዋወጫው ካለ ይቀየራል፣ ከሌለ ግን መኪናዋን መሸኘት ነው። ስለዚህ የመኪናዋ ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የሲንጀር 15 የሚባለውን ዓይነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች፣ ቀጥሎም ቻይናዎች በብዛት ቀድተው ስለሠሩት የአንዱ ዕቃ ለሌላው በአብዛኛው ይገጥማል። ስልሳ ዓመት ያገለገለች እንዲህ ያለች መኪና መለዋወጫ ስታገኝ ትናንት የተገዛች ባለ ኤሌክትሮኒክስ መኪና አንድ ሰሌዳዋ ተቃጥሎ ልትቀር ትችላለች።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣች መኪናም የራሷ ጣጣ አላት። እዚያ የምትሠራው በ120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካች ትቃጠላለች። ሞተሯ ከውጭ በብሎን የታሰረ አሮጌ መኪና ከሆነች ግን የተቃጠለው ሞተሩ ብቻ ሊሆን ስለሚችል እሱን መቀየር ይበቃል። በጉዞ ወድቃ የብረት አካሏ የተሰነጠቀውን ግን አታስጠግኑ። እንዲህ ያለው ብረት ቢበየድም አይታመንም፤ አካሉ ጥቂት ከተጣመመ ዘንጎቹ ሁሉ መስመራቸውን ይስታሉ። በስፌት የሚተዳደር ሰው ደግሞ ከጥገናው ዋጋ ጋር መኪናዋ ቆማ የዋለችባቸውን ቀናት አብሮ ይቁጠር።

የእናቴን ሲንጀር በመጨረሻ ያዩዋት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሞተር አላስነሱም። ከመርፌው ሥር ያለውን የብረት ክዳን ፈቱ፣ ባትሪ አበሩ፣ መዘውሩን በእጃቸው ቀስ ብለው እያዞሩ የመንጠቆውን ጫፍ ጠበቁት። ጫፉ ከመርፌው ዓይን ሥር አለፈ። «ዘንጉ ወደ ላይ ሸሽቷል» አሉ። ጂንሱ መርፌውን ሲሰብረው ዘንጉንም ገፍቶት ኖሯል። በግራ በኩል ያለውን ሽፋን ከፍተው አንዲት ብሎን በካቻቪቴ አላሉ፤ ዘንጉን ለጥቂት ዝቅ አድርገው አጠበቁት። የገዛነው አዲስ መርፌ ብቻ ነው። እናቴ ያንኑ ጂንስ ከቁም ሣጥን አውጥታ ልትሰፋ ስትቀመጥ ወፍራሙ መገጣጠሚያ ጋር ሲደርስ እግሯን ከፔዳሉ እንድታነሳ ነገሯት፤ መዘውሩን በእጇ እያዞረች አሻገረችው።